መምጣቱ ይታወቃል፣ ቀኑ ግን አይታወቅም፦ የአንድ ቀበሌ የሴፍቲኔት ክፍያ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ቆላማ ቀበሌ ስላጋጠመ የሴፍቲኔት ክፍያ ችግር ነው፤ ሴፍቲኔት የዓመት ቀለባቸው ለማይሞላ ቤተሰቦች የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ወረዳውን፣ ቀበሌውንና ሰዎቹን በስም አልጠራም። እዚያ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ስም ከተጠራ ነገ ዱቤ የሚከለከለው ቅሬታ ያቀረበው ገበሬ ነው።

በወቅቱ ሥራዬ ክፍያው ለተጠቃሚው በትክክል መድረሱን መከታተል ነበር። በወረቀት ሲታይ ቀበሌው ደህና ነው። ክፍያ በሞባይል ተጀምሯል፤ ሪፖርቱም ገንዘቡ ለሁሉም ገብቷል ይላል። መሬት ላይ ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ገበሬው አልነበረም። ብዙ አባወራዎችና እማወራዎች ሲም ካርዳቸውንና የሚስጥር ቁጥራቸውን ለባለሱቅ አስይዘው ነበር።

ወሬው ሲሰማ ሁሉም ሰው ጣቱን የቀሰረው ባለሱቁ ላይ ነው። የችግሩ ሥር ግን ሌላ ቦታ ነበር። ጉዳዩን ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው።

ሴፍቲኔቱ እንዴት እንደሚከፍል

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የተነሳበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ከዚያ በፊት በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ይወጣል፤ ስንዴው እስኪደርስ ድረስ ገበሬው በጉንም በሬውንም ሸጦ ይጨርሳል። እርዳታው ነፍስ ያተርፋል፣ ጥሪት ግን አያተርፍም። ስለዚህ የዓመት ቀለቡ እንደማይሞላ አስቀድሞ የሚታወቅ ቤተሰብ ተመዝግቦ፣ በታወቀ ጊዜ የታወቀ መጠን እንዲያገኝ ተባለ። ፕሮግራሙ በየምዕራፉ እየሰፋ ሄዶ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚያቅፍ ሆነ።

መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በማህበረሰብ ሥራ ይሳተፋል። እርከን ይሠራል፣ የችግኝ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠግናል። ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይታሰባል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ቀኑን መሥራት የሚችሉት ይካፈሉታል። ክፍያው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል እንዲገዛ ሆኖ ይተመናል። ከ4ኛው ምዕራፍ ወዲህ የ4 ኪሎ ጥራጥሬ ዋጋም ይታሰብበታል።

አቅመ ደካማ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሠሪ የሌላቸው ቤቶች ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል። ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ከሥራ ነጻ ሆነው ያገኛሉ።

ገንዘቡ ከገንዘብ ሚኒስቴር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። ወረቀቱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የሥራ ቡድን መሪው አቴንዳንስ፣ ማለትም ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚያሳየውን ወረቀት፣ ይሞላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሰብስቦ ይፈርማል። ወረዳ ግብርና ያጸድቃል፣ ፔሮል (የክፍያ ዝርዝር) በኮምፒውተር ይሠራል፣ የወረዳ ገንዘብ ጽ/ቤት አጣርቶ ይለቃል። የሚወርደው ገንዘብና የሚወጣው ወረቀት ካልተገናኙ ክፍያ የለም።

ችግሩ

ሱቁ የቆርቆሮ በር ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ባትሪ ትሸጣለች። ጓዳው ውስጥ ማሽላ በጆንያ ተደርድሯል። ባለሱቁ ከመሳቢያው አንድ የብስኩት ካርቶን አውጥቶ አሳየን። ውስጡ ሲም ካርዶች ነበሩ። እያንዳንዱ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሏል፤ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ስምና የሚስጥር ቁጥር ተጽፏል። አልደበቀም፤ የሚያሳፍር ነገር ሆኖም አልታየውም።

ሲሞቹን ካስያዙት አንዷ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ሲሟ የት እንዳለ ስጠይቃት፣ «ከሱቁ ነው ልጄ፣ እሱው ጋ ነው» አለችኝ።

«ለምን ሰጡት እማማ?»

«የጥር ወር ገንዘብ ሳይመጣ የካቲት ገባ። ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። 'ይመጣል' ይሉናል። መምጣቱንማ እኔም አውቃለሁ። ቀኑን ነው የማላውቀው። ቀኑን ባውቅ ከጎረቤት ማሽላ ተለቅቼ እስከዚያ እዘልቅ ነበር። ጎረቤት 'መቼ ትመልሻለሽ?' ይላል። ምን ልበለው?»

ከዚህ ንግግር በላይ ጉዳዩን የገለጸልኝ ሰነድ የለም። ጎረቤት ያለ ወለድ ያበድራል፤ ግን የሚመለስበትን ቀን ይጠይቃል፤ እሱም የቀን ችግር ያለበት ገበሬ ነውና። ቀን የሌለው ሰው ጎረቤት ጋ መሄድ አይችልም። የሚቀረው መያዣ ይዞ የሚጠብቅ ነጋዴ ብቻ ነው።

የነጋዴው እህል ደግሞ ርካሽ አይደለም። በዱቤ የሚሰጠው ማሽላ ከገበያ ዋጋ በላይ ይጻፋል። ሂሳቡን የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው፤ ተበዳሪዋ ማንበብ አትችልም። ገንዘብ መግባቱን የሚያበስረው መልእክት ራሱ የሚደርሰው ሲሙ ያለበት ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ስንት እንደገባ፣ መቼ እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ ባለመብቷ አታውቅም። አንድ ወር የሚከፈለው ያለፈውን ወር ዕዳ ይዘጋል፤ ለያዝነው ወር እንደገና ዱቤ ይወሰዳል። የወሩ ማብቂያ ላይ የሚገናኝ ሂሳብ የለም።

በልግ በሚዘራበት አካባቢ የካቲትና መጋቢት ወሳኝ ናቸው። በእነዚህ ወራት ገንዘብ ሲዘገይ ቤት የተቀመጠው ዘር ይበላል፤ ወይም ሊረባ የነበረው በግ ይሸጣል። ፕሮግራሙ ሊያስቀር የተነሳው ይህንኑ ነበር። ገንዘቡ እስከ ሳንቲሟ ቢከፈልም ዘግይቶ ከመጣ ጥሪቱ አስቀድሞ ሄዷል።

ስለ ሞባይል ክፍያው ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ከፋዩ ገንዘብ ተሸክሞ፣ ጥበቃ ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞር ነበር። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ተሰልፎ ይውላል። ከክፍያ ጠረጴዛው አጠገብ ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ ይዘረጋና የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልዩ ልዩ መዋጮ ይሰበሰባል። ከሴፍቲኔት ክፍያ መቁረጥ ክልክል ቢሆንም ገንዘቡን ቆጥሮ ገና ኪሱ ያልከተተ ሰው እንቢ ለማለት ይቸገራል። ሞባይሉ ይህን ጠረጴዛ አስቀርቷል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ያመጣው አዲስ ችግር ግን አለ። ድሮ ባለመብቷ ካርዷን ይዛ ራሷ መቅረብ ነበረባት። አሁን ሲሙና ቁጥሩ ካለ የሷ መገኘት አያስፈልግም።

መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ

የወረዳው የመጀመሪያ ውሳኔ እገዳ ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሲም ካርድ በመያዣ መስጠትም መቀበልም ክልክል ነው ተባለ። ባለሱቆች ሲሞቹን በሊቀመንበሩ ፊት እንዲመልሱ ታዘዙ፤ መለሱም። ሪፖርት ተጻፈ።

በሚቀጥለው ወር ክፍያው እንደተለመደው ዘገየ። የተበዳሪዎቹ ሲም በእጃቸው ነው፤ የሚበላ ግን የለም። ባለሱቁ ዱቤ አቆመ። «መያዣ ክልክል ከሆነ እኔም አላበድርም፤ ሕጉን አክብሬያለሁ» አለ። እውነቱን ነው። አንዳንዶቹ ሲማቸውን ይዘው ሩቅ ወዳለው ገበያ ሄደው ከበፊቱ በባሰ ዋጋ አስያዙት። አንዳንዶቹ ፍየል ሸጡ። ያቺ እናት ትልቁን ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ሰው ቤት ከብት እንዲጠብቅ ሰጠችው።

እገዳው ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ነገር ግን ሰዎቹን ወደ ሱቁ የገፋቸውን ነገር ሳይነካ ሱቁን ዘጋባቸው። ባለሱቁን ሳነጋግረው፣ «እኔ ባልሰጥ ማን ሊሰጣቸው ነው? የመንግሥት ብር ሲቆይ እስከዚያ ያቆያቸው የኔ እህል ነው» አለኝ። ዋጋው ከባድ ነው፤ የሚስጥር ቁጥር መያዙም ጥፋት ነው። ግን በዚያ ክረምት መግቢያ ከእሱ ሌላ እህል የሰጣቸው አልነበረም። ይህን ሳይቀበሉ መፍትሔ መፈለግ አይቻልም።

ሁለተኛው እርምጃ ስለ ሚስጥር ቁጥር ትምህርት መስጠት ነበር። ሰዎቹ በትኩረት አዳመጡ። ቁጥር ለሌላ ሰው መስጠት አደገኛ እንደሆነ ግን ቀድሞውንም ያውቁታል። የሰጡት ስላላወቁ ሳይሆን ስለራባቸው ነው።

መዘግየቱ የት እንደሚፈጠር

ከዚያ በኋላ ነው መዘግየቱን ራሱን መከተል የተጀመረው። ዘዴው ቀላል ነው። አንድ የተከፈለ ወር ተመረጠ፤ የዚያ ወር ፋይል ወጣ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ፊርማና ቀን አለ። ወሩ መቼ አለቀ? አቴንዳንሱ መቼ ወረዳ ደረሰ? ፔሮሉ መቼ ተሠራ? ገንዘቡ መቼ ተለቀቀ? ቀኖቹ በአንድ ገጽ ላይ ተሰልፈው ሲጻፉ ነገሩ ተገለጠ።

ወረዳው ውስጥ ሁሉም ሰው መዘግየቱን «ከላይ ነው» ይል ነበር። የበጀት መዘግየት አለ፤ አንዳንድ ወር በእርግጥም ምክንያቱ እሱ ነበር። በተመረጠው ወር ግን ገንዘቡ ወረዳው ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት ይጠብቅ ነበር።

ወረቀቱ የቆመው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ቀበሌ ላይ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ የሁሉም ቡድን አቴንዳንስ ካልተሟላ አትልክም። አንድ የቡድን መሪ ለቅሶ ሄዶ ወይም ገበያ ውሎ ከቀረ የሁሉም ቡድኖች ወረቀት ይጠብቀዋል። እሷም ብቻዋን ናት፤ በዚያው ሰሞን ማዳበሪያ ትመዘግባለች፣ የተፋሰስ ሥራ ትለካለች፣ ስብሰባ ትጠራለች። ሁለተኛው ወረዳ ላይ ነው። ወረዳው ደግሞ የሁሉም ቀበሌ ካልገባ ፔሮል አይጀምርም። ስለዚህ አንድ ሩቅ ቀበሌ ውስጥ ያለ አንድ የቡድን መሪ የመላውን ወረዳ ክፍያ ማቆም ይችል ነበር። በምሬት ነው የምጽፈው፦ ይህን የሚያዝ መመሪያ የትም የለም። ለሪፖርት ስለሚመች ብቻ የተለመደ አሠራር ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ነገር ነው። እነሱ አይሠሩም፤ አቴንዳንስ የላቸውም። ዓይነ ስውሩ አዛውንትም፣ አልጋ የያዙት አሮጊትም ስማቸው ከወር ወር አይቀየርም። ግን ከማህበረሰብ ሥራ ተሳታፊዎቹ ጋር በአንድ ፔሮል ስለተጻፉ የማያገባቸውን አቴንዳንስ ይጠብቁ ነበር። ከሁሉም ደካማ የሆኑት ሰዎች ያለ ምንም ምክንያት ተጎዱ።

ምን ተቀየረ፣ ምን ሠራ

ወረዳው ሦስት ነገር ለወጠ። የቀጥታ ድጋፍ ፔሮል ለብቻው ወጣ። የአቴንዳንስ መዝጊያ ቀን ተቆረጠ፤ በዚያ ቀን የደረሰው ይሄዳል፣ ያልደረሰው ቡድን በሚቀጥለው ወር ተደርቦ ይከፈለዋል። ዝግጁ የሆነ ቀበሌም ሌላውን ሳይጠብቅ እንዲከፈለው ተደረገ።

የገንዘብ ጽ/ቤቱ መጀመሪያ ተቃውሞ ነበር። ተከፋፍሎ ከተከፈለ ሂሳብ ማወራረድ ይከብዳል አለ። ቅሬታው እውነት ነው፤ ሥራ ጨምሮበታል። የተስማማው የቀጥታ ድጋፉ ለብቻው ተሞክሮ ያለ ችግር ሲወራረድ ካየ በኋላ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ብንጠይቅ ኖሮ አንዱንም አናገኝም ነበር ብዬ አስባለሁ።

የመዝጊያው ቀን ያመጣውን ለውጥ ግን ማንም አልጠበቀውም። ወረቀት አዘግይቶ ቡድኑ ሳይከፈለው የቀረ መሪ በማግስቱ ከቡድኑ አባላት ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ድሮ ሁሉም አብሮ ስለሚዘገይ ጥፋቱ የማንም አልነበረም። አሁን የጎረቤት ቡድን ተከፍሎት የእነሱ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቡድን ወረቀት ዘግይቶ አያውቅም።

የክፍያው ቀን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ተጀመረ። ሰሌዳ ግን የሚያነበው ጥቂት ነው። የሠራው በገበያ ቀን በጥሩምባ ማስነገሩ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማሳወቁ ነው። ቀኑ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ተነገረ፦ የአንድ ሰው ስንት፣ የአምስት ሰው ስንት። መጠኑን የሚያውቅ ሰው የባለሱቁን ሂሳብ መጠየቅ ይችላል። በሚዘገይበት ወርም «ዘግይቷል፣ እስከዚህ ቀን አይገባም» ተብሎ ይነገራል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ሰው ግን መጥፎ ዜናም ቢሆን ቀን ካለው አንድ ነገር ያደርግበታል።

የቆየው ዕዳ በሽማግሌ ተያዘ። የሁለቱም እምነት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ደብተሩ በልጆች ተነበበ፤ ከተበዳሪዎቹ ጋር ሂሳቡ አንድ በአንድ ታየ። ከገበያ ዋጋ በላይ የተጻፈው ተቀነሰ። ቀሪው ከእያንዳንዱ ክፍያ በግማሽ እየተከፈለ እንዲያልቅ፣ ሲሙ ግን በባለቤቱ እጅ እንዲሆን ተወሰነ። ባለሱቁ የተስማማው ቀኑ ስለታወቀ ነው። «ቀኑ ከታወቀማ ሲሙን ምን ያደርግልኛል?» አለ። ለእሱም ለካ መያዣው የቀን ምትክ ነበር።

ያልተፈታው

በሞባይል የገባውን ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚቀይረው ወኪል የጥሬ ገንዘብ እጥረት አልተፈታም። በክፍያ ቀን ብዙ ሰው ይመጣል፤ ወኪሉ ያለው ገንዘብ ረፋዱ ላይ ያልቃል። ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም። አንዳንድ ወኪል «ግማሹን በዕቃ ውሰጂ» ይላል። ቀበሌዎችን በተለያየ ቀን መክፈል ትንሽ አቀለለው እንጂ አላጠፋውም። ከተማ ድረስ በእግር የሚሄዱ አረጋውያን አሁንም አሉ።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውም አልሠራም። በመዝገቡ ላይ ስለ ሲም ካርድ አንድም ቅሬታ አልተጻፈም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ከአባላቱ አንዱ ራሱ እህል የሚያበድር ሰው ነበር። አባሉ ተነስቶ በሌላ ተተካ። ከዚያም በኋላ ግን ሰው ቅሬታውን ይዞ የሚሄደው ወደ ኮሚቴው ሳይሆን ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ነው። እሷን ያምኗታል።

ሲሙ በባል ስም የወጣባቸው ሚስቶች ጉዳይም እንዳለ ነው። ከአንድ በላይ ትዳር ባለበት ቤት ደግሞ የሁለተኛዋ ሚስትና የልጆቿ ድርሻ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ይገባል። የተጠቃሚነት መታወቂያ በሆነው ደንበኛ ካርድ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ እንዲኖር ቢደረግም ገንዘቡ የሚሄደው ካርዱ ወዳለበት ሳይሆን ሲሙ ወዳለበት ነው። ለዚህ የቀበሌ መፍትሔ አላየሁም፤ ለእያንዳንዷ እናት በራሷ ስም ሲም ከማውጣት ሌላ።

በጀት ከላይ ሲዘገይም ወረዳው ምንም ማድረግ አይችልም። በዚያ ወር የሚሠራው ማስነገሩ ብቻ ነው።

ለሌላ ወረዳ

በሌላ ቦታ ሲም ካርድ፣ ካርድ ወይም ደብተር በነጋዴ እጅ ከተገኘ ከነጋዴው በፊት ፋይሉ ይታይ። አንድ የተከፈለ ወር ወስዶ አራቱን ቀኖች በአንድ ገጽ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ሳይደረግ «መዘግየቱ ከላይ ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም፤ እውነት የሚሆንበት ወር ቢኖርም ማስረጃው ፋይሉ ውስጥ ነው።

ከገንዘብ ጽ/ቤት ጋር የሚደረገው ንግግር በቀጥታ ድጋፍ ቢጀመር ይሻላል። አቴንዳንስ ስለሌለው የሚያከራክር ነገር የለውም። ለማወራረድም ቀላል ነው፤ የሚጠቀሙትም በጣም የተቸገሩት ናቸው።

እገዳ ካስፈለገ የክፍያው ቀን ከተስተካከለ በኋላ ይሁን። ያኔም አበዳሪው በስብሰባ ፊት ከሚዋረድ ሽማግሌ ፊት ሂሳቡን ቢያሳይ ይመረጣል። ነገ ክፍያ ሲዘገይ ሰው ተመልሶ የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው።

ክትትል ላይ የተሰማራ ሰው ደግሞ «ገንዘቡ ደርሶዎታል ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ። ሁሉም «አዎ» ይላል። ሲሙ አሁን የት እንዳለ፣ ባለፈው ወር ገንዘቡን ከወኪሉ ማን ተቀብሎ እንዳወጣ፣ የሚቀጥለው ክፍያ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጠይቅ።